ኡምሲንሲ፦ ስድብ የተለጠፈባት ቀይ አበባ ዛፍ



ውድ አንባብያን፣ በዚህ ወር ዝግጅታችን ስለ አንዲት ዛፍ ልናወጋችሁ ነው። «ስለ ዛፍ ደግሞ ምን የሚወራ ነገር አለ?» የምትሉ ብትኖሩ ጥቂት ታገሡን። ዛፏ የምትበቅለው ከእኛ ርቃ፣ በደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል ነው። ታሪኳ ግን በቁርኣን ውስጥ ከምናውቀው አንድ ቃል ጋር የተሳሰረ ነው። ቃሉ ከቦታው ወጣ፤ ባሕር ተሻገረ፤ በባዕዳን አፍ የጥቁር ሕዝብ መስደቢያ ሆነ፤ በመጨረሻም በዚህች ምንም በማታውቅ ዛፍ ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ነገሩ እልባት ያገኘው ገና በቅርቡ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በባዶ ቅርንጫፍ ላይ የሚወጣ አበባ

ዙሉዎች «ኡምሲንሲ»፣ ኮሳዎች «ኡምሲንትሲ» ይሏታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የአበባዋን ቅላት አይተው «የመርጃን ዛፍ» ብለዋታል፤ ከባሕር የሚወጣውን ቀዩን መርጃን ማለታቸው ነው። ትንሽ ዛፍ ናት፤ ቁመቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሜትር አያልፍም። በደቡብ አፍሪካ፣ በኤስዋቲኒ፣ በሞዛምቢክ፣ በዚምባብዌና በአካባቢው በተፈጥሮ ትበቅላለች። ለውበቷ ሲባል ደግሞ በየከተማው መንገድ ዳርና በየመኖሪያ ቤቱ ግቢ ትተከላለች።

በዚያ አገር ብርዱና ደረቁ ወቅት የሚሆነው እኛ ዝናብ በሚዘንብብን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ነው። በዚያን ጊዜ ኡምሲንሲ ቅጠሏን አራግፋ፣ ግራጫ ቅርፊቷንና እንደ መንጠቆ የተቆለመመ እሾኋን ብቻ ይዛ ትቆማለች። የማያውቃት ሰው ደርቃለች ብሎ ሊቆርጣት ይችላል። ነሐሴ አካባቢ ግን አንድም ቅጠል ሳይወጣ በፊት፣ በዚያው በባዶው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ እንደ ፍም የቀላ አበባ ዘለላ ዘለላ እየሆነ ይፈነዳል። ረጅም ምንቃር ያላቸው ትናንሽ ወፎችና ንቦች ወለላውን ለመቅሰም ይሻሙበታል። የዛፏ ማበብ ለገበሬው የመዝሪያው ጊዜ መድረሱን የምታበስርበት ምልክት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ሱብሓነላህ፣ የቀን መቁጠሪያ ግድግዳው ላይ ለሌለው ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይምጣለት!

ሌላው ጠባይዋ በቀላሉ መጽደቋ ነው። ችግኝ ማፍላት አያስፈልግም፤ ወፈር ያለ ቅርንጫፍ ቆርጦ መሬት ውስጥ መትከል ይበቃል። ስለዚህ የከብት በረትና የቤት አጥር ይሠሩባታል፤ አጥሩ ራሱ ሥር ሰዶ ያቆጠቁጣል። የባቄላና የአተር ዘመድ በመሆኗም መሬቱን አታከሳም፤ ይልቁንም በሥሯ ላይ በሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት ናይትሮጅን ትጨምርለታለች። በዙሉዎች ዘንድ በአለቆች መቃብር ላይ ትተከል እንደነበርም ይታወቃል።

ይህን ያነበበ የገጠር ልጅ «ይህችማ ቆርች ናት!» ሳይል አይቀርም። አልተሳሳተም። በአገራችን ደጋማ ቦታዎች በአጥርነት የምናውቀው ቆርች፣ በኦሮምኛ ወለንሱ የሚባለው፣ የዚህችው ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። አንደኛው የቆርች ዓይነት ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ አይገኝም። በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ ጎንደር መጥቶ የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ እኛው ዛፍ «ቋራ» ብሎ ጽፏል። እግረ መንገዱንም ወርቅ የሚመዘንበት «ካራት» የሚለው ቃል ከዚህች ዛፍ ፍሬ ስም የመጣ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ግን ልክ አይደለም። ካራት የመጣው ከዐረብኛው «ቂራጥ» ነው፤ በጀናዛ ሰላት ምንዳ ሐዲስ ላይ የምናውቀው ያው ቂራጥ። እርሱም በበኩሉ ከግሪክ የተገኘ ነው። ቃል እንደ ነጋዴ ነው፤ ያልገባበት አገር የለም።

ፍሬዋን በተመለከተ ለወላጆች አንድ ማሳሰቢያ አለን። የዛፏ ቆባ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ውስጡ ያለው ደማቅ ቀይ፣ በአንድ ጎኑ ጥቁር ነጥብ ያለው ፍሬ ይታያል። በደቡብ አፍሪካ ይህን ፍሬ «የዕድል ባቄላ» እያሉ ይሸጡታል፤ በክር ተሰክቶ የአንገት ጌጥም ይሆናል። ዕድል ያመጣል የሚለውን ለተናጋሪው እንተወው፤ ጥቅምና ጉዳት በአላህ እጅ መሆኑን ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያሻም። የሚያሳስበን መርዝነቱ ነው። የኤሪትሪና ወገን የሆኑ ዛፎች ፍሬ በጡንቻና በነርቭ ላይ የሚሠራ መርዝ አለው። የፍሬው ልባስ ጠንካራ ስለሆነ ሳይሰበር ከተዋጠ ብዙ ጊዜ እንዳለ ይወጣል፤ አደጋው የሚመጣው ልጁ ያኘከው ወይም ለጌጥ የተበሳ ፍሬ የዋጠ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ከውጭ አገር በስጦታ የመጣ የቀይ ፍሬ ሐብል ቤታችሁ ካለ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ አድርጉት። ልጁ አኝኮት ከተገኘ ደግሞ ፍሬውን ይዛችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

እህትማማቾቹና ስማቸው

አሁን ወደ ስሟ እንምጣ። ዙሉዎች ስለ አገሬው ተወላጅ ሲናገሩ «ኡምሲንሲ ዎኩዚሚሌላ» ይላሉ። «ማንም ሳይተክላት ራሷ የበቀለች ኡምሲንሲ» እንደማለት ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ሳይሆን ከዚያው ምድር የወጣ፣ የአገሩ ልጅ የሆነ ሰው በዚህች ዛፍ ይመሰላል። እንግዲህ ይህችው የባለቤትነት ምሳሌ የሆነች ዛፍ በመጤዎቹ አፍ ምን ተባለች?

ከ1772 እስከ 1775 በኬፕ ቆይታ ያደረገው ስዊድናዊው የዕፀዋት ሊቅ ካርል ፒተር ቱንበርግ ለአንዷ የመርጃን ዛፍ «ኤሪትሪና ካፍራ» የሚል ስም ሰጣት። ኤሪትሪና ከግሪክ «ቀይ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ የጎረቤታችን የኤርትራ ስምም ከዚያው ሥር ነው። ጣጣው ያለው ሁለተኛው ቃል ላይ ነው። «ካፍራ» ማለት «የካፊሮቹ አገር» ማለት ሲሆን፣ አውሮፓውያን የደቡብ ምሥራቅ አፍሪካን ጥቁር ሕዝብና ምድሩን የሚጠሩበት ስም ነበር።

ለረጅም ጊዜ የባሕር ዳሯ ትልቋ እህትና እስካሁን የተረክንላት ትንሿ ዛፍ በዚህ በአንድ ስም ሲጠሩ ኖሩ። በ1933 የኪው የዕፀዋት ሊቅ የነበረው ጆን ሃቺንሰን ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን አሳይቶ ለትንሿ «ኤሪትሪና ሊሲስቴሞን» የሚል ስም አወጣላት። የትንሿ አበባ ጠባብና ረጅም ሆኖ እንደ ቱቦ የተጠቀለለ ነው፤ የትልቋ ግን አጠር ሰፋ ያለና የተከፈተ ነው። ቀለሟም ወደ ብርቱካንማ ያደላል። ይህችው ትልቋ ባሕር ተሻግራ የአሜሪካዋ የሎስ አንጀለስ ከተማ ይፋዊ ዛፍ እስከመሆን ደርሳለች።

እንግዲህ ትንሿ በሳይንስ መዝገብ ከስድቡ አመለጠች ማለት ነው። በሰፋሪዎቹ የዕለት ተዕለት ንግግር ግን አላመለጠችም። ሁለቱም እህትማማቾች በአፍሪካንስ ቋንቋ «ካፈርቦም»፣ «የካፊር ዛፍ» መባላቸው ቀጠለ።

ቃሉ ከየት ተነሣ?

አብዛኞቻችን «ካፊር» ማለት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሥረ ቃሉ ከፈረ፣ «ሸፈነ» ማለት ነው። እውነቱ ከተገለጠለት በኋላ የሚሸፍን፣ የአላህን ጸጋ የሚክድ ሰው በዚህ ተጠራ። አንባብያን ላያስተውሉት የሚችሉት ነገር ግን በሱረቱል ሐዲድ 20ኛው አያ ላይ ይኸው ቃል ዝናብ ያበቀለው ቡቃያ ስለሚያስደስታቸው ሰዎች ሲነገር መምጣቱ ነው። ብዙ ሙፈሲሮች እዚህ ላይ ቃሉ ገበሬዎችን እንደሚያመለክት ይናገራሉ፤ ገበሬ ዘሩን በአፈር የሚሸፍን ነውና። ስለዚህ በቋንቋው ሥር ከሄድን ቃሉ ተክል ተካይንም ይጨምራል።

ይሁን እንጂ በየትኛውም ትርጉሙ ቃሉ ከቆዳ ቀለም ጋር ግንኙነት የለውም። ከቁረይሽ ታላላቆች የተወለደው አቡ ጀህል ካፊር ነበር፤ የሐበሻው ልጅ ቢላል (ረ.ዐ.) ደግሞ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙአዚን። ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ ምን ይፈለጋል?

ታዲያ እንዴት ተበላሸ? ከኪልዋና ከሶፋላ ወደቦች ይነግዱ የነበሩ ሙስሊሞች ወደ መሀል አገር ያሉትን ገና ያልሰለሙ ሕዝቦች በጅምላ በዚህ ቃል ይጠሯቸው ነበር። በ1498 ቫስኮ ዳ ጋማ ወደዚያ ባሕር ሲመጣ ፖርቱጋሎች ቃሉን ከነጋዴዎቹ አፍ ሰሙ፤ «ካፍሬ» አሉት። ከእነርሱ ወደ ሆላንዶች ተላለፈ፤ እነዚያም በ1652 ኬፕ ላይ ሲሰፍሩ ይዘውት ገቡ። ቀጥሎ የመጡት እንግሊዞች በ1847 የኮሳዎችን ምድር ቆርሰው «የብሪታንያ ካፍራሪያ» ብለው በካርታ ላይ ጻፉት። ከኮሳዎች ጋር ለአንድ መቶ ዓመት ያህል የተደረጉት ጦርነቶችም በዚሁ ቃል ተጠሩ። በአፓርታይድ ዘመን ደግሞ ቃሉ ከሃይማኖት ጋር የነበረው የመጨረሻ ክር ተበጥሶ፣ ነጩ አሠሪ ጥቁሩን ሠራተኛ በየጓሮው የሚጠራበት ጅራፍ ሆነ። ተሰዳቢው ሙስሊም ቢሆን፣ አምስት ወቅት ሰላቱን ቢሰግድ፣ ረመዳንን ቢጾም ለተሳዳቢው ለውጥ የለውም። ሙእሚኑ በቆዳው ምክንያት «ካፊር» ተባለ!

ቃሉ በሄደበት ሁሉ ዕጣው አንድ ዓይነት አልነበረም። በአፍጋኒስታን «ካፊሪስታን» ይባል የነበረው ተራራማ አገር በ1896 ሕዝቡ ሲሰልም «ኑሪስታን»፣ የብርሃን አገር ተባለ። በስሪላንካ ያሉ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ጥቂት ሰዎች ደግሞ ስሙን የራሳቸው አድርገው እስከ ዛሬ ይጠሩበታል። በደቡብ አፍሪካ ግን ቁስሉ አልደረቀም። በ2018 አንዲት ነጭ ሴት ፖሊሶችን በዚህ ቃል ደጋግማ በመስደቧ ፍርድ ቤት የ3 ዓመት እስራት ፈርዶባታል፤ ከዚሁ አንዱ ዓመት በገደብ ተይዞላታል።

ጥፋቱን ሁሉ በነጮች ላይ ከምረን እጃችንን ብንታጠብ ግን ሐቅ አይሆንም። በዚያ ባሕር ዳር ሰው ይሸጥ ነበር፤ ከሻጮቹም መካከል የእኛኑ ሰላት የሚሰግዱ ነበሩበት። ሰውን «ካፊር» ብሎ በጅምላ መጥራት ልብን ያደነድናል፤ የሰውየውን ስም፣ እናቱንና መንደሩን ይሸፍናል። ሱረቱል ሑጁራት በመጥፎ ቅጽል ስም መጠራራትን የከለከለው በከንቱ አይደለም። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሰውን በእናቱ አሳብቦ ባነወረ ጊዜም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የጃሂልያ ርዝራዥ እንዳለበት ነግረው ገሥጸውታል። በአገራችንስ ቢሆን ብሔረሰቦች ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም ሳይሆን ጎረቤት በለጠፈባቸው ስም በመጽሐፍና በካርታ ላይ የተጻፉበት ዘመን መች ራቀ? ዛሬም ቢሆን በየሰፈሩ ልጆቻችን በጨዋታ መሀል የሚወራወሩትን ቃል ጆሮ ሰጥተን ብንሰማ ብዙ እናገኛለን።

በማድሪድ የተሰጠው ድምፅ

የዕፀዋት ሳይንሳዊ ስም እንደ ሰው ስም በመዝገብ ቤት የሚቀየር አይደለም። መጀመሪያ የተሰጠው ስም ይጸናል፤ አስቀያሚም ይሁን ስህተት የቆየው ያሸንፋል። ደንቡ የሚሻሻለው በየጥቂት ዓመቱ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የዕፀዋት ጉባኤ ብቻ ነው።

በደቡብ አፍሪካ ጌቤርሃ ከተማ ካለው የኔልሰን ማንዴላ ዩኒቨርሲቲ ጊዲዮን ስሚዝና ኤስትሬላ ፊጌይሬዶ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ2021 አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ስሙን ሙሉ በሙሉ መቀየር አያስፈልግም፤ ከፊት ያለውን አንድ ፊደል ብቻ እንጣለው፤ «ካፍራ» የሚለው «አፍራ» ይሁን፤ «የአፍሪካ» ማለት ይሆናል አሉ። ብልህነት የተሞላበት ሐሳብ ነው። ስድቡ ይወድቃል፤ መዝገቡ ግን ብዙ አይናጋም።

ተቃውሞም አልታጣም። ስም ሲለዋወጥ የቆዩ መጻሕፍትና የደረቁ ዕፀዋት ስብስቦች ይምታታሉ፤ ዛሬ አንዱን ብንቀይር ነገ ሺዎች ይቀየሩ ይባላል፤ ሊቃውንቱ ያኔ የአገር ስም እንጂ ስድብ አላሰቡም የሚሉ ነበሩ። ይህ ሙግት ቀላል አይደለም። ስለ ሥርዓት የሚጨነቅ ሰው ክፉ ሰው ነው ማለትም አይቻልም። ሆኖም የዛፏ አገር ሰው የገዛ ዛፉን ስም በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቹ ሲጠራ አንገቱን እንዲደፋ ማስገደድ ለሥርዓት የሚከፈል ተገቢ ዋጋ ነው ብለን አናምንም።

በሐምሌ 2024 በማድሪድ በተካሄደው ጉባኤ ላይ ጉዳዩ ለምስጢር ድምፅ ቀረበ። 351 ደግፈው፣ 205 ተቃውመው፣ ሐሳቡ አለፈ። ከ200 በላይ የሚሆኑ የዕፀዋት፣ የፈንገስና የአልጌ ስሞች በአንድ ውሳኔ ተስተካከሉ። ትልቋ የመርጃን ዛፍም «ኤሪትሪና አፍራ» ሆነች። በአማርኛ ጆሮ «አፍራ» ማለት «ኀፍረት ተሰምቷት» ማለትም ይሆናል። ነገሩ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ማፈር የሚገባት ግን እርሷ አልነበረችም።

ውሳኔው እኛንም ይነካል ብንላችሁ ታምናላችሁ? በአዲስ አበባ የቆዩ ግቢዎች ዙሪያ ረጃጅም እሾህ ያለው ጥቅጥቅ አጥር አይታችሁ ይሆናል፤ ቢጫ፣ ክብ፣ ጎምዛዛ ፍሬ ያፈራል። ኮሽም ነው። ልጆች ፍሬውን ለመልቀም ስንት ጊዜ እጃቸውን አስቧጭረዋል! ኮሽም የምንለው ሁለት ዓይነት ተክል ነው። አንደኛው የአገራችን ነው። ሁለተኛው በአጥርነት የገባው ከደቡብ አፍሪካ፣ ኬይ ከሚባለው ወንዝ አካባቢ የመጣ ሲሆን፣ በዓለም መዝገብ ላይ «ዶቪያሊስ ካፍራ» ተብሎ ተጽፎ ኖሯል። እርሱም አሁን «ዶቪያሊስ አፍራ» ነው።

ባዮሎጂ ወይም ግብርና የምትማሩ ወጣት አንባብያን በቆዩት መጻሕፍት «ካፍራ» የሚለውን፣ በአዲሶቹ ደግሞ «አፍራ» የሚለውን ስታገኙ ሁለት ተክል እንዳይመስላችሁ፤ ተክሉ ያው አንድ ነው። የትንሿ ዛፍ የሳይንስ ስም ሊሲስቴሞን እንደሆነ ይቀጥላል፤ ለውጡ አይነካውም። ዙሉዎችም ዛሬም የሚጠሯት ድሮ በሚያውቋት ስም ነው፤ ኡምሲንሲ ብለው።